እትዬ ለተና ነጯ ኮንቴሳ

ባለፈው ሳምንት ሮማ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር አንድ አሮጌ ሕንፃ ስገባ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን በበረኪና አጥባ መጨረሷ ነበር። እርጥብ ድንጋይና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣ ሽታ አለ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። የምሄደው ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ አንደኛው ላይ ስደርስ መደገፊያውን ይዤ ቆምኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የዋልኩበት ካስቴሎ፣ ያ የጥንት መሳፍንት ግንብ፣ ጠመዝማዛ ደረጃው፣ ከላይ ወደ ታች እያጠቡ የሚወርዱት እትዬ ለተ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ መጣ።

እናቴ ሐምሌና ነሐሴን እስከ ዛሬ «ክረምት» ነው የምትላቸው። ሮማ ላይ ግን በዚያ ወቅት ጠብታ ዝናብ የለም፤ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የሚይዝ ሰው ጠፋ። አባቴ ጣሊያናዊ ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ያኔ አልጋ የያዙ አንዲት ሲኞራ ትንከባከብ ነበር። አንድ እሑድ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከቅዳሴ ወጥተን ጥላው ሥር ቆመን ሳለ፣ ይኼንኑ ችግሯን ለእትዬ ለተብርሃን አጫወተቻቸው።

እትዬ ለተብርሃን አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ሴት ናቸው። ሁሉም «እትዬ ለተ» ነበር የሚሏቸው። አጠር ያሉ፣ ንግግራቸው የረጋ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ የሚለብሱ።

«ታዲያ ለምን ከኔ ጋር አትውልም?» አሉ። «ቦታው ሰፊ ነው። ጥላም አለው።»

«እንዳታስቸግርዎት ብዬ ነው እንጂ።»

«ልጅ ካላስቸገረ ምኑን ልጅ ሆነ።»

ቤት ስንደርስ ሥራቸው ምን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት። «የካስቴሎ ጠባቂ ናቸው» አለችኝ። ጠባቂ ሲባል ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ነበር የመሰለኝ። ሰኞ ጠዋት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ ግን እትዬ ለተ የያዙት የገለባ ባርኔጣ፣ አንድ ፌስታልና በጨርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ሎሚ ነበር።

ከተርሚኒ በባቡር ሄደን፣ ከባቡር ወርደን ደግሞ አውቶቡስ ያዝን። ካስቴሎው ከተማው ሊያልቅ ሲል ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ድንጋይ ነበር። ከሁለቱ ግንቦች አንዱ ሙሉ ነው፤ አንዱ ከወገቡ ተቆርጧል። በግድግዳው ስንጥቅ የበለስ ዛፍ በቅሏል። እትዬ ለተ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አዙረው በሩን በትከሻቸው ሲገፉት፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ፊቴን ነካኝ። አንድ ትልቅ ነገር የተነፈሰብኝ ነው የመሰለኝ።

«አይዞሽ፣ ግቢ» አሉኝ። «ቤቱ ነው እንደዚህ የሚተነፍስ።»

ካስቴሎው ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ነበር። ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ ለካስቴሎው የጥንት እመቤት፣ ለነጯ ኮንቴሳ። ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ሥዕሏ ተሰቅሏል። ፊቷ እንደ ጧፍ ነጭ ነው፤ ከዐይኗ ሥር ጠቁሯል፤ አንድ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋለች። እትዬ ለተ ጎብኚዎቹን ከሥዕሉ ፊት ያቆሙና በጣሊያንኛ ይጀምራሉ። ኮንቴሳዋ ቀን ከክፍሏ አትወጣም፤ መስኮቶቿ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። ጀንበር ስትጠልቅ ትነሣለች። ከሷ ጋር ያደሩ ገረዶች ሲነጋ ገርጥተውና ተንቀጥቅጠው ይገኛሉ። የሰው ደም የምትመጥ ቫምፓየር ናት ተባለ። በመጨረሻ ስትሞት መንደርተኛው ተነሥታ እንዳትመጣበት አፏ ውስጥ ድንጋይ አድርጎ ቀበራት።

ይኼን ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እንዲያውም ዝቅ ያደርጉታል። ሰዎቹ ለመስማት ጠጋ ይላሉ፤ ጠጋ ሲሉ ይነካካሉ፤ ሲነካኩ ይደነግጣሉ። እትዬ ለተ ያኔ በድንጋጤያቸው ስቀው እስኪጨርሱ ይጠብቋቸዋል። እኔ በየቀኑ እየሰማሁት በየቀኑ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ይቆም ነበር።

ለዚህ ሥራ እንዳልተቀጠሩ የነገረችኝ እናቴ ናት። የተቀጠሩት ለጽዳት ብቻ ነበር። አንድ ቀን አስጎብኚው ሳይመጣ ይቀራል። ከሩቅ የመጡ ሰዎች በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው እትዬ ለተ ያያሉ። መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ «አሎራ፣ ግቡ» ይሏቸዋል። ደረጃ ሲያጥቡ ለዓመታት የሰሙትን ታሪክ በራሳቸው መንገድ አወሩላቸው። ሰዎቹ ሲወጡ የካስቴሎውን ኃላፊ፣ ዲሬቶሬውን፣ ግቢው ውስጥ አግኝተው አጨበጨቡለት። ለምን እንደሚያጨበጭቡለት እስኪገባው ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ወዲያ ማጽዳቱም ማስጎብኘቱም ቁልፉም የእትዬ ለተ ሆነ።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

መጀመሪያ ውኃውን ነው ያየሁት። በዚያ ሐሩር ሁላችንም ጠርሙስ ይዘን ስንዞር፣ እትዬ ለተ ውኃ አይጠጡም። ሲብስባቸው ሎሚያቸውን ያወጡና አንዴ ላስ አድርገው መልሰው ይጠቀልሉታል። ከፀሐይም ይሸሻሉ። ከዚያ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሳ በኋላ «ቀጠሮ አለኝ» ብለው ለእናቴ አስረክበውኝ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ከእጅጌያቸው ሥር ነጭ ፋሻ ይታያል። ጎብኚ በሌለ ጊዜ እኔን ግቢው ውስጥ ትተው ግንቡ ሥር ወዳለው ክፍል ይወርዳሉ። በሩን ዘግተው ይቆያሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ይቀላል።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጉንጬን ግራ ክንዳቸው ላይ አሳረፍኩ። ክንዳቸው ይጮኻል። ከቆዳው ሥር እንደ ንብ ቀፎ ዝዝዝ የሚል ነገር ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ተኝተዋል። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት እናቴ በስልክ ስታናግራቸው ሰማሁ። «ዛሬስ ደሙን በደንብ ወሰደልዎ?» ትላለች። «ደክሞዎታል አይደል? አይ እትዬ፣ በቃ ለዲሬቶሬው ይንገሩት።» አዳመጠቻቸውና፣ «እሺ፣ እኔ ለማንም አልናገርም» አለች።

ቤታችን ውስጥ ደም ሲወሰድ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ስለ አባቴ አለቃ ሲነሣ እናቴ ሁልጊዜ፣ «ያ ደም መጣጭ ዛሬም እሑድ ሥራ አስገባው?» ነበር የምትለው። አባቴ ማታ ገርጥቶና ዐይኑ ቀልቶ ሲገባ አየው ስለነበር ቃሉን እንዳለ ተቀብዬዋለሁ። እንግዲህ ደም መጣጮች አሉ፤ እናቴም ታውቃቸዋለች፤ ግን ምንም ልታደርጋቸው አትችልም። የአባቴን ሰውዬ አላየሁትም። የእትዬ ለተን ግን በየቀኑ ከሥዕሏ ፊት ቆሜ አያት ነበር።

ለደም መጣጭ የሚደረገውን ከትምህርት ቤት ልጆች ሰምቻለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና የተባረከ ውኃ ያባርሩታል። ከኤስኲሊኖ ገበያ እናቴ ከገዛችው ነጭ ሽንኩርት ሦስት ራስ ወስጄ በእትዬ ለተ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተባረከውን ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ያገኙት ባቡር ውስጥ ነው። አንድ በአንድ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ደረደሩትና አዩኝ።

«እናትሽ ናት የላከችልኝ?»

«አዎ» አልኩ፤ ዋሸሁ።

«ምነው፣ ወጥ የማልሠራ መሰላት?» አሉና መልሰው ከተቱት።

ውኃውን ካስቴሎው ከደረስን በኋላ ሰጠኋቸው። «እትዬ፣ ይጠጡት። ከቤተ ክርስቲያን ነው።» ጠርሙሱን ተቀበሉኝ። ከዚያ ከንፈራቸውን ብቻ አረጠቡበት፤ የቀረውን በመዳፋቸው እያፈሰሱ ፊታቸውንና አንገታቸውን አበሱበት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ። እንደዚህ ያለ ነገር ያመጣልኝ ሰው የለም።»

እኔ ግን ያየሁት አለመጠጣታቸውን ነው። የተባረከ ውኃ መዋጥ አልቻሉም። ነገሩ ከመነከስ አልፏል ብዬ ደመደምኩ፤ እሳቸውም እንደሷ ደም መጣጭ ወደ መሆን እየተለወጡ ነው። በጣም ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን ከሳቸው አልነበረም። ሲያወሩ፣ ሲያጥቡ፣ ያን በር በትከሻቸው ሲገፉ እያየሁ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም ብዬ አምኜ ነበርና፣ እንዳያልቁብኝ ነው የፈራሁት።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ረቡዕ ዲሬቶሬው እየተጣደፈ መጣ። ረጅም፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ቡድን እንደሚመጣ፣ ካስቴሎው በብርዱ ወራትም ክፍት ሆኖ ይቆይ አይቆይ የሚወሰነው በነሱ እንደሆነ ነገራቸው። «ካለርስዎ አይሆንም፣ ሲኞራ ለተ» አላቸው። እትዬ ለተ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሰዓታቸው አዩ፤ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። ለእናቴ ደውለው፣ «የዛሬውን ለነገ አዛውሬዋለሁ። አንድ ቀን ነው» ሲሏት ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ከፍ ሲል ይሰማኝ ነበር።

በዚያ ከሰዓት በኋላ እንደነገሩት አድርገው ታሪኩን ሲነግሩ ሰምቼ አላውቅም። ከቡድኑ አንዲት ሴትዮ ስካርፏን አንገቷ ላይ ጠቀለለች። ዲሬቶሬው ራሱ ታሪኩን እንደማያውቅ ሰው አፉን ከፍቶ ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ግን እትዬ ለተ በየአምስት ደረጃው እየቆሙ መስኮት ያሳዩ ነበር። ከመስኮቶቹ ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ፊታቸው አብጦ መጡ። ሁለት ጎብኚዎች ገብተው ወጡ። እትዬ ለተ፣ «ማርታ፣ አንዴ ልረፍ» አሉኝና ወደ ታችኛው ክፍል ወረዱ። በለስ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ጥላው ከእግሬ እስኪሸሽ ድረስ አልተመለሱም። ጠራኋቸው፤ መልስ የለም።

ያን ደረጃ ወርጄ አላውቅም ነበር። ፌስታላቸው በር አጠገብ ነበር፤ አንድ ነጭ ሽንኩርት አወጣሁና በእጄ ጨብጬ ወረድኩ። ኮንቴሳዋን ካገኘኋት ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር፤ «እሳቸውን ተያቸው፣ በቃሽ» ልላት። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋሁት።

ኮንቴሳ የለችም። በመደርደሪያ ላይ የተከመሩ አሮጌ ወረቀቶች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ጀርባቸውን ለወንበሩ የሰጡ እትዬ ለተ። ትንፋሻቸው አጭር አጭር ነው። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

«ማርቲ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አትደንግጪ። ሞባይሌ ኪሴ ውስጥ ነው። አምቡላንስ ጥሪ።»

ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም የማውቀውን ነገርኳት። «ደማቸውን እየጠጣቻቸው ነው» አልኩ በጣሊያንኛ። ሴትየዋ እንድደግምላት ጠየቀችኝ። እንደማታምነኝ ገባኝ፤ ማልቀስ ጀመርኩ። እትዬ ለተ ከወለሉ ላይ እጃቸውን ዘረጉና ጉልበቴን ያዙኝ።

«‹ዲያሊዚ› በያት። ‹ትናንት አላደረጉም› በያት።»

ቃሉን አላውቀውም ነበር። እንዳሉኝ ደገምኩት። የሴትየዋ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፤ ቦታውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በሩን እንድከፍት፣ ከዚያ ተመልሼ እጃቸውን እንድይዝ አዘዘችኝ። ትልቁን በር የከፈትኩት በትከሻዬ ነው። አምቡላንሱ እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ምን እንደያዝኩ ያዩት ያኔ ነው። በዚያ ትንፋሽ መሳቅ ሞከሩ።

«አሃ» አሉ። «ነጭ ሽንኩርቱ ያንቺ ነበር ለካ።»

ቅዳሜ እናቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። እትዬ ለተ አልጋ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። እጅጌያቸው ተሰብስቧል፤ ከክንዳቸው ሁለት ቀያይ ቱቦዎች ወጥተው ወደ አንድ ማሽን ይሄዳሉ። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ነይ፣ እይው» አሉኝ። «ደም መጣጩ ይኼ ነው፤ ዲያሊዚ የሚሉት። ኩላሊቴ ሥራ አቁሟል፤ ደሜን የሚያጸዳው እሱ ነው። በዚህ ይወስዳል፣ በዚህ ይመልሳል። እኔ ደረጃ አጥባለሁ፣ እሱ ደሜን ያጥባል።»

«ሁሉንም ይመልሳል?»

«አንድ ጠብታ አያስቀርም።» ክንዳቸው ለምን እንደሚጮኽም ነገሩኝ፤ ለማሽኑ እንዲመች ሐኪሞቹ ሁለት ሥር አገናኝተው የሰፉት ነበር። ውኃ የማይጠጡትም ማሽኑ ከሚያወጣው በላይ እንዳይጠራቀምባቸው ነው።

ዲሬቶሬው በዚያው ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ስለ በሽታቸው የሰማው አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ብነግርዎት ‹ቤትዎ አርፈው ይቀመጡ› ይሉኛል።»

«እውነት ነው» አለ። «እንደዚያ ነበር የምለው።» ከዚያ፣ በእትዬ ለተ የሕክምና ቀን ካስቴሎው ከሰዓት በኋላ በምንም ምክንያት እንደማይከፈት፣ ደረጃውንም ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንደሚያጥብ ነገራቸው። እትዬ ለተ በደረጃው ነገር ተከራከሩት። በመጨረሻ የላይኛውን ደረጃ ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ።

እሱ ሲወጣ፣ ውስጤ የቀረውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ኮንቴሳዋ ምንም አላደረገችዎትም?»

«እሷ? ያቺ ምስኪን ወባ ነበረባት።»

ታችኛው ክፍል ያሉት ወረቀቶች ውስጥ የካስቴሎው ሐኪም የጻፈው ደብተር አለ። እትዬ ለተ ሊያርፉ ሲወርዱ ያገኙትና አንድ ክረምት ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዘው አነበቡት። በዚያ ዘመን ከኮረብታው ሥር ረግረግ ነበር። ኮንቴሳዋ የገረጣችው ከትኩሳቱ ነው። ቀን ያልወጣችው ብርሃን ራሷን ስለሚያማት ነው። ገረዶቹ የተንቀጠቀጡት የነከሳት ትንኝ እነሱንም ስለነከሳቸው ነው።

«ለምን ለሰዎቹ አይነግሯቸውም?» አልኩ።

ማሽኑን እያዩ መለሱልኝ። «ሰው የሚመጣው ቫምፓየር ፈልጎ ነው። የታመመች ሴት ለማየት ማን ይመጣል ብዬ ፈራሁ። የራሴንም ነገር እንደዚያው ነበር የደበቅኩት።»

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ ካስቴሎው ተመለስን። ስምንት ዘጠኝ ጎብኚዎች መጡ፤ ከነሱ መሐል በከዘራ የሚሄዱ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነበሩ። እትዬ ለተ እንደ ድሮው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ድንጋዩ አፏ ውስጥ እስከገባበት ሲደርሱ አቆሙ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «የቀረውን ማርታ ትነግራችኋለች» አሉ።

ምንም አልተነጋገርንበትም ነበር። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ረግረጉ፣ ስለ ትኩሳቱ ነገርኳቸው። «ቫምፓየር አልነበረችም» አልኩ። «ታማ ነበር። የሚያውቅላት ሰው ስላልነበረ ነው።» አንዳንዶቹ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። አንዱ ካሜራውን ወደ መያዣው መለሰ። ሽማግሌው ግን ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀሩ።

«እናቴን የወሰዳት ያው ወባ ነው» አሉን። «ያኔ እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ጨርሷል። ትንሽ ብቆይ ይፈቀዳል?»

«የፈለጉትን ያህል» አሏቸው እትዬ ለተ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። እኛ በር ላይ ሆነን ጠበቅናቸው። ከዚያ በሩን ቆልፈን ቁልቁለቱን ወረድን። አውቶቡስ ማቆሚያው ስንደርስ እትዬ ለተ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት ሰው አስፈራራሁባት» አሉ። «ዛሬ አንድ ሰው አዘነላት።»

አውቶቡሱ መጣ። መወጣጫው ከፍ ያለ ነበር። እኔ ቀድሜ ወጣሁና እጄን ዘረጋሁላቸው፤ ያዙኝ፤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኳቸው። ያን ያህል መሳብ አያስፈልግም ነበር። እትዬ ለተ እንደዚያ ቀላል መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።